ሙሉቀን «ቆይ» ያላለበት ቀን

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙሉቀንን ፈልጋችሁ ብትጠይቁ «የትኛውን ሙሉቀን?» ይሏችኋል። «ሙሉቀን ቆይን» ካላችሁ ግን ባጃጅ ነጂው ሌላ ነገር ሳይጠይቅ መሪውን ያዞራል። ቆይ የአባቱ ስም አይደለም። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደህና ስም ነበራቸው፤ ከተማው ነው ቀምቶ ይህንን የሰጠው።

ለምን እንደሰጠው ለማወቅ አንድ ቀን አብሮት መዋል ይበቃል። ሻይ ሲቀርብለት «ቆይ ይብረድ» ይላል፤ ሲበርድ ደግሞ «ቆይ ትኩስ ይምጣ»። የደሴን መንገድ ሊሻገር ዳር ላይ ይቆምና «ቆይ ይሄ አይሱዙ ይለፍ» ይላል፤ አይሱዙው ሲያልፍ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ግመል የሚነዱ ሰዎች። አንድ ቀን ቢቸግረው ባጃጅ ተሳፍሮ ተሻገረ እየተባለ ይወራበታል። እሱም አላስተባበለም።

ቤተልሔምንም ያጣት በዚሁ ነው። ልጅቱ ትወደው ነበር፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ ራሷ ተናግራለች። «ቆይ ትንሽ ልደላደል» አላት፤ ቆየች። «ቆይ ክረምቱ ይውጣ» አላት። ክረምቱ ወጣ፣ እሷም አብራ ወጣችና ማጀቴ ከተማ ተዳረች። ሰርጓን ማን ቀረፀው? ሙሉቀን። ሥራው ነዋ! ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅላት ምስሉ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። ያዩትም ይላሉ፣ ያላዩትም ይላሉ።

ፍርሃቱ ለራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተማው ስቆ ይተወው ነበር። ለላፕቶፑ የሚፈራላት ግን ይብሳል።

ላፕቶፗ አሮጊት ናት። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት የነቀሏት እንደሆነ ያኔውኑ ጭልም ትላለች። ማራገቢያዋ ሲዞር በርበሬ የሚፈጭ ወፍጮ ይመስላል። በሮቢት ሙቀት እንዳትታፈን ሁለት ጡብ ላይ ያስቀምጣትና ቬንቲሌተሩን ወደ እሷ ያዞራል፤ እሱ በላብ ይታጠባል። በሆዷ ውስጥ ግን የሸዋ ሮቢትና የዙሪያው ሰርግ ሁሉ አለ። የተፋቱትም፣ የሞቱትም፣ ተጣልተው የማይነጋገሩትም እዚያ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስክስታ ይወርዳሉ። ቅጂ የያዘው ሃርድ ዲስክ ባለፈው ዓመት ከጠረጴዛ ወድቆ ቀጭ ቀጭ እያለ ነፍሱ ወጣ። ሌላ ይገዛ ዘንድ ተመክሮ ነበር። ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

ይህቺ ላፕቶፕ ከጊዜ ወዲህ አንድ አመል አምጥታለች። ስትከፈት መሀል ፊቷ ላይ መስኮት ብቅ ይልና «ሲስተሙ አርጅቷል፤ ጥበቃ የለውም፤ ወደ አዲሱ ላሻሽለው? አሁን ወይስ በኋላ?» ይላል። ሙሉቀን ሁልጊዜ «በኋላ» የሚለውን ይጫናል። ከፍጡር ሁሉ ጠባዩን የተረዳችለት እሷ ነበረች፤ ቆይ የሚል ቁልፍ አዘጋጅታለት ነበር።

ነገሩ የከረረው ጋሽ ወልደማርያም ስቱዲዮው የመጡ ጊዜ ነው። ጋሽ ወልደማርያም ከወንዙ ማዶ፣ ከተዳፋቱ ሥር የሚያርሱ የቀወት ገበሬ ናቸው። ያን ቀን ገበያ ማሾ ይዘው ወርደው ነበር። ሚስታቸው እትዬ ፋናዬ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

«የልጄን ሰርግ ያነሳኸው አንተ አይደለህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የሰጠኸን ሲዲ መስኮት ላይ ተረስቶ ፀሐዩ እንደ ቂጣ አጣመመው። ፋናዬ ያለችበትን ቦታ እንደገና ስጠኝ። ለሙት ዓመቷ ዘመድ ይመጣል፤ ላሳያቸው።»

«ፎቶ የላቸውም?»

«የመታወቂያዋ አለ። እሱ ላይ ደግሞ ፖሊስ የያዛት ነው የምትመስለው።»

ሙሉቀን ያን ሰርግ ያስታውሰዋል። እትዬ ፋናዬ ቀኑን ሙሉ ከካሜራው ሲሸሹ ውለው፣ በስተመጨረሻ ከዳሱ ጀርባ ወጥ ሲያማስሉ ደርሶባቸው ነበር። ዞር አሉና ጭልፋቸውን ወደ ካሜራው ቀስረው «አንተ ልጅ፣ ይህን ዓይንህን ከወጤ ላይ አንሳ!» አሉት፤ ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ይኸው ነው። ከእኒያ ሴትዮ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው የሚንቀሳቀስ ነገር ይኸው ነው፤ ያለውም ጡብ ላይ በተቀመጠችው አሮጊት ውስጥ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልደማርያም ከኮታቸው ኪስ የልጅ ልጃቸው የሰጠቻቸውን ፍላሽ አውጥተው ዘረጉለት። ሙሉቀን ፍላሹን እንደ ጊንጥ አየው። ምክንያት ነበረው። በዚያው ሳምንት የማጀቴው ሀብታሙ፣ እሱም ሰርግ ቀራጭ ነው፣ ደውሎ አልቅሶበታል። የአንድ ደንበኛ ፍላሽ አሮጌው ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ በነጋታው ቢከፍት አንድም ሰርግ አልከፈት አለው። ሁሉም ተቆልፏል። «ሲስተሜ አሮጌ ነበር ሙሌ፤ ቫይረሱ የሚያስቆመው አጥቶ ገባ» አለው። «የእኔ እንደሁ አለቀልኝ፤ አንተ ፍጠን።»

ፍጠን የተባለው ማን እንደሆነ ልብ በሉ።

«ቆይ ጋሼ» አለ ሙሉቀን፣ ፍላሹን ሳይነካ። «በሚቀጥለው ገበያ ይምጡ። ያኔ አዘጋጅልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ሄዱ፤ ፍርሃቱ ግን ቁጭ አለ። ካላሻሻላት ቫይረስ ይበላታል፣ ፍላሽም ሊሰካባት አይችልም። ሲያሻሽላት ብትሞትስ? በሁለቱም በኩል እትዬ ፋናዬ ጭልፋ ይዘው ቆመው ይታዩታል። በመጨረሻ ላፕቶፗን በፎጣ ጠቅልሎ እንደታመመ ሕፃን አቅፎ ቅድስት ዘንድ ሄደ።

ቅድስት መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተርና ስልክ ትጠግናለች። ጎበዝ ናት፤ ግን ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያላት። ራሴን አመመኝ ብሎ የገባ ሰው እንኳ ሳትነካው አትለቀውም ይባላል።

«ፎርማት ላድርጋት?» አለች ገና ፎጣው ሳይገለጥ።

«ፎርማት ማለት... ምን ማለት ነው?»

«ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን።»

«ሁሉን ስትይ?»

«ሁሉን።»

ላፕቶፗን መልሶ ደረቱ ላይ ለጠፋት።

«አትደንግጥ እንጂ» አለች ማስቲካዋን እያላመጠች። «ፋይሉ ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ ማሻሻልም ይቻላል። አርጅታለች ግን ትችለዋለች፤ ቀስ ትላለች እንጂ። መጀመሪያ ግን አዲስ ሃርድ ዲስክ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ፣ ከደብረ ብርሃን አስመጣና ሁሉንም ገልብጥ። ሳትገለብጥ እንዳትጀምር። ደግሞ ባትሪ የላትም፤ መሀል ላይ መብራት እንዳይጠፋ።»

«ቢጠፋስ?»

«አንዳንዴ ራሷ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች።»

«ሳትመለስስ?»

«ያኔ ወደ እኔ ታመጣታለህ።»

«አንቺስ ምን ታደርጊያታለሽ?»

ቅድስት አላፈረችም። «ፎርማት።»

ይህን ምክር ይዞ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። ዲስኩን አዝዞ፣ እስኪመጣ «ቆይ» ቢል፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏ በቦታዋ በዋለች ነበር። ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ጁስ ቤት ጎራ አለ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል፤ እሱ በእግሩ ነው የሄደው፣ ወሬው በባጃጅ።

«ሙሌ!» አለው ሮቤል፣ ባጃጁን ደጅ አቁሞ የማንጎ ጁስ የሚጠጣው ሾፌር። «ላፕቶፕህ ታማለች አሉ። አቅፈሃት ስትሄድ አይቼ የክትባት ቀን መስሎኝ ነበር።»

«ቫይረስ ፈርቼ ነው። ሲስተሟን ላሻሽል አስቤ...»

«መች?»

«ቆይ፣ ዲስክ እስኪመጣ...»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሮቤል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ኧረ ሙሉቀን ቆይ! ቤተልሔም ሁለተኛዋን ወለደች፤ አንተ አሁንም 'በኋላ' የሚለውን ትጫናለህ?»

ሙሉቀን ሳቀ፤ ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። ጁሱን ግን አልጨረሰውም። ስቱዲዮው ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ላፕቶፗን ጡቧ ላይ አስቀምጦ ሶኬት ውስጥ ሰካት። መስኮቱ ብቅ አለ። አሁን ወይስ በኋላ?

«አሁን!» አለና ተጫነው። ድምፁን ሰምቶ ራሱ ደነገጠ።

ዲስክ የለም፤ ቅጂ የለም። ለማንም አልተናገረም። በተለይ ለእትዬ ዘይቱና አልተናገረም፤ ይህ ደግሞ የስህተቶቹ ሁሉ አለቃ ነበር። እትዬ ዘይቱና ግቢውን ያከራዩት ሴት ናቸው። አሊዩ አምባ ተወልደው ሮቢት ያረጁ፣ ከስቱዲዮው ጎን ጨርቅ የሚሸጡ። ሱቃቸው የገባ ወሬ ከሚሸጡት ሻሽ ጋር እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ሙሉቀን የፈራውም ይህንኑ ነው። ግቢው ግን አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው ያለው፤ የቆጣሪው ባልቦላ ደግሞ በእትዬ ዘይቱና እጅ ነው። መብረቅ ፍሪጃቸውን ካቃጠለባቸው ወዲህ፣ ከጣርማበር ተራራ በኩል የነጎድጓድ ሹክሹክታ የሰሙ እንደሆነ ሮጠው የግቢውን መብራት በሙሉ ያጠፋሉ። ሙሉቀን ይህን ያውቃል። እንዲያውም ላፕቶፑን ከስንት መብረቅ ያዳነችለት ያቺው እጃቸው ናት። ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እሱም በንዴት ጦዟል።

ላፕቶፗ ሰማያዊ ሆነች። ክብ ነገር ይዞር ጀመር። ሥሩ «አታጥፉኝ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ንዴቱ ያኔ ለቀቀው፤ በቦታው ፍርሃት ተተካ። ማራገቢያዋ ሲጮህ ይደነግጣል፤ ዝም ሲል ይብስ ይደነግጣል። ምን ያህሉ እንዳለቀ በመቶኛ የሚያሳየው ቁጥር ላይ ዓይኑን ተክሎ ተቀመጠ፤ ቁጥሩም ሽቅብ እንደሚሄድ አህያ አንዴ ይራመዳል፣ ብዙ ይቆማል።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወልደማርያም ናቸው።

«ለነገው ገበያ ልመጣ ነበር» አሉ ቆባቸውን እያወለቁ። «ግን ደጋው ላይ ደመና አየሁ። ከዘነበ ወንዙ ይሞላና አያሻግረኝም ብዬ ቀድሜ መጣሁ። ደረሰልኝ?»

«ይ... ይቀመጡ ጋሼ። እየተዘጋጀ ነው።»

ደመና ያሉትን ቃል ጆሮው አልሰማም ነበር፤ ሆዱ ግን ሰማ። መስኮቱን ከፍቶ አየ። ጣርማበር በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ከዚያ ከሩቅ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና ድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚመስል ድምፅ መጣ።

ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ጫማ ሩጫ ተሰማ። ቻፕ ቻፕ ቻፕ።

«እትዬ ዘይቱና!» ብሎ ጮኸ፤ ነጎድጓዱ ግን ድምፁን ዋጠበት።

ቀጭ።

ቬንቲሌተሩ እየቀዘቀዘ ቆመ። ላፕቶፗ ጭልም አለች።

ሙሉቀን በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። እትዬ ዘይቱና ቆጣሪው ሥር ቆመው በድል ስሜት እጃቸውን ያራግፋሉ።

«ያብሩት! እባክዎ ያብሩት!»

«ሱብሃነላህ! ነጎድጓድ እያጓራ? አብደሃል?» አሉ። «ያቺ ላፕቶፕህ እንዳትቃጠል ብዬኮ ነው! ይኸው ጫማዬን ግራና ቀኙን አዛብቼ የሮጥኩት!»

እግራቸውን አየ፤ እውነትም አዛብተዋል። ሊቆጣቸው አልቻለም። የጓሮው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሁሉን ነገራቸው፤ ስለ ሀብታሙ፣ ስለ ቅድስት፣ ቅጂ ስለሌለው ሰርግ፣ ውስጥ ስለተቀመጡት ሽማግሌ።

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

ሙሉቀን ዓይኑን ወደ ቆጣሪው መለሰ።

«ወሬኛ ናት ብለህ ነው!»

አንገቱን ነቅንቆ አመነ።

«ወላሂ ልክ ነህ» አሉ እትዬ ዘይቱና። «ለሰው እነግር ነበር። ባልቦላውን ግን አልነካም ነበር።»

መብረቁ ከወንዙ ማዶ ብልጭ አለ። እሳቸውም ባልቦላውን በጀርባቸው ከለሉት። «የሆነው ሆኗል። አሁን ባበራው ይብሱን ያቃጥላታል። እስኪያልፍ ጠብቅ፤ እኔም አብሬህ እጠብቃለሁ።»

ተያይዘው ገቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር። ሦስቱ በጥቁሯ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀመጡ፤ አስከሬን የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ጋሽ ወልደማርያም አንዴ ሙሉቀንን፣ አንዴ ላፕቶፗን አዩ።

«ልጄ፣ ምን ተፈጠረ?»

ሙሉቀን ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ውሸቱ ግን አልመጣ አለው። «ጋሼ፣ ሳልገለብጥ ነካካኋት። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ምናልባት... ፊልሙ ጠፍቶ ይሆናል።»

ሽማግሌው ፍላሹን በሁለት ጣታቸው እያገላበጡ ቆዩ።

«ፊቷን አልረሳሁትም» አሉ በመጨረሻ። «የረሳሁት ድምጿን ነው። የተናገረችውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ግን ሲመጣልኝ በእኔ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማት ይመለስልኝ ነበር።»

እትዬ ዘይቱና ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ጎተቱ። ሙሉቀን ደግሞ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ቀበረ፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለዋል። ከተማው የሚስቅበት ፍርሃት ሌላ ነበር። ይህኛው አያስቅም።

ነጎድጓዱ ቀስ እያለ ወደ አዋሽ በኩል ራቀ። እትዬ ዘይቱና ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩ፤ ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ። ባልቦላው ተሰማ። ቬንቲሌተሩ ዞረ።

ሙሉቀን ጣቱን ወደ ማብሪያው ሰደደ። አልደረሰም። መለሰው። እንደገና ሰደደ።

ጠቅ።

ምንም የለም። ጥቁር። ከዚያ ወፍጮዋ አጓራች። ጥቁር። ከዚያ መሀል ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን ትላለች?» አሉ ጋሽ ወልደማርያም።

ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ወደ ነበርኩበት እየተመለስኩ ነው፣ አትንኩኝ ትላለች።»

«ፋናዬም ስትቆጣ እንዲሁ ነበረች» አሉ ሽማግሌው። «ዝም ብለህ ተዋት።»

ዝም አሏት። ዝናቡ አባራ፤ የደጁ ጎርፍ ድምፁን ቀነሰ። በስንት ጊዜዋ፣ የድሮው ገጿ፣ ያው የሮቢት ማንጎ ፎቶ ያለበት፣ ፊታቸው ላይ ወጣ። ሙሉቀን የሰርጎቹን ማህደር ሲከፍት እጁ የቤተልሔም ሰርግ ቀን እንኳ እንዲህ አልተንቀጠቀጠም። አለ። ሁሉም አለ። የጋሽ ወልደማርያምን ልጅ ሰርግ ከፍቶ ወደ ዳሱ ጀርባ አሻገረው።

እትዬ ፋናዬ ዞር አሉ። ጭልፋቸውን ቀሰሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ዓይንህን ከወጤ ላይ አንሳ!»

ሳቁ። ጋሽ ወልደማርያም ወደ ላፕቶፗ ተጠጉ።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው። ሰለሰው። ሽማግሌው በእጃቸው መዳፍ ፊታቸውን ከላይ እስከ ታች ጠረጉ። «ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር» አሉ። «እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።»

ፍላሹን ግን ያን ቀንም አልሰካውም፤ ሀብታሙን ያስለቀሰው ቫይረስ ገና ያስፈራዋል። መላ ያመጡት እትዬ ዘይቱና ናቸው። ስልካቸውን ከጡታቸው መሀል አወጡና «በዚህ አንሳው፤ ስልክና ላፕቶፕ ሳይነካኩ» አሉ። የሸዋ ሮቢት ሰርግ ቀራጭ የላፕቶፑን ፊት በስልክ ቀረፀ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻው ላይ እትዬ ዘይቱና «ያ አላህ፣ እንዴት ያለ ሳቅ ነው!» ሲሉ ይሰማል። የእትዬ ፋናዬ ድምፅ ግን አለ። ጋሽ ወልደማርያም ስልካቸው ላይ አስልከው፣ የደጋው ጎርፍ ወርዶ ወንዙ ሳይሞላ ለመድረስ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ሄዱ። ማንም ሳይደውልላቸው።

ዲስኩ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ መጣ። ሙሉቀን ሰርጎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ፤ የጋሽ ወልደማርያምን ከሁሉ አስቀድሞ። ዲስኩንም እትዬ ዘይቱና ሻሽ በሚያስቀምጡበት ሳጥን ቆልፎ አስቀመጠ። ያኔ ብቻ ላፕቶፗን ጡቧ ላይ አስቀምጦ «አሁን» የሚለውን ዳግመኛ ተጫነ። በዚህኛው ጊዜ አልደበቀም። መደበቅ የለም፤ እትዬ ዘይቱና ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረው፣ በርጩማ አምጥተው ቆጣሪው ሥር ዘብ ተቀምጠዋል። ሮቤልም ባጃጁን አቁሞ ለማየት መጥቷል።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጣርማበር አጓራ።

የእትዬ ዘይቱና እጅ ባለቤቷን ሳትጠይቅ ወደ ባልቦላው ተነሳች።

«ይቆዩ!» ብሎ ጮኸ ሙሉቀን። ከተማው በሙሉ የሚያውቃት ቃል፣ ግን እንደዚያ ስትጮህ ማንም ሰምቷት አያውቅም። ሮቤል እንኳ አልሳቀም።

እትዬ ዘይቱና እጃቸውን አየር ላይ አስቀሩ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ጎትተው ታፋቸው ሥር ከተቱና ተቀመጡበት። «ሱብሃነላህ» አሉ በለሆሳስ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሰማዩ እንደገና አጓራ። ሙሉቀን ላፕቶፗን በሁለት እጁ ከቧት፣ መብረቁን በጀርባው ሊመልስ ይመስል ጎበጠ። ያን ጊዜ በፍርሃት የተጋጨው የማን ጥርስ እንደነበረ ሮቤል እስከ ዛሬ ይናገራል፤ የእሱ ግን አልነበረም ይላል።

ላፕቶፗ አንድ ጊዜ ጠፍታ በራች። አዲስ ፊት ይዛ መጣች። ሙሉቀን ማህደሩን ከፈተ፤ እትዬ ፋናዬ ጭልፋቸውን እንደቀሰሩ ነበሩ። እሱም ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

በዚያው ቅጽበት መሀል ፊቷ ላይ አንድ መስኮት ብቅ አለ።

«ደግሞ ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ዘይቱና ከቆጣሪው ሥር፣ እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ።

ሙሉቀን አነበበ። «የምጨምረው ሌላ ነገር አለ፤ አሁን ወይስ በኋላ? ትላለች።»

ውጭ ነጎድጓዱ ገና አላለፈም። ሙሉቀን ላቡን ጠረገ፣ ሮቤልን ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ «በኋላ» የሚለውን ቀስ ብሎ ተጫነ።